«አረንጓዴ» የተባሉት ታካሚዎች ቤት ማን ሄደ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተደራራቢ ሕመም ያለባቸውን ታካሚዎች በየቤታቸው ለመከታተል እንዴት እንደሚያግዝ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ዘገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አለው። ሥርዓቱ ዝቅተኛ ስጋት ያላቸውን በአረንጓዴ እየለየ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን «አላስፈላጊ ምልልስ» አስቀረ ይላል። አላስፈላጊ! በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ከምንውለው አንዳችንን ሳትጠይቁ ይህን ጻፋችሁ።

አረንጓዴው ከየት እንደሚመጣ እንንገራችሁ። ሶፍትዌሩ የሚያየው የተመዘገበውን ብቻ ነው፦ ጤና ጣቢያ የመጡበትን ቀን፣ የግፊትና የስኳር ልኬት፣ መድኃኒት የወሰዱበትን ቀን። በስትሮክ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኙ እናት ጤና ጣቢያ አይመጡም። ልኬት ስለሌላቸው ከፍ ያለ ግፊትም የላቸውም፤ አረንጓዴ ይሆናሉ። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር የመጣ ሰው ካርዱ በቀድሞው ጤና ጣቢያ ይቀራል፤ የቆየ የስኳር ሕመምተኛ እዚህ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ስም አንዴ «ፀሐይ»፣ አንዴ «ጸሀይ» ተብሎ ሲጻፍ አንዷ ታካሚ ሁለት መዝገብ ይኖራታል፤ ግፊቷ በአንዱ፣ ስኳሯ በሌላው፣ ሁለቱም አረንጓዴ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን የትውልድ ዓመት እንደ ፈረንጅ ካነበበው ደግሞ በሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃታል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የተደራራቢ ሕመም ታካሚዎችን ለልዩ ክትትል ይመርጥ የነበረ ሥርዓት የሕመምን ክብደት የሚገምተው በወጣው የሕክምና ወጪ ነበር። ጥቁር ታካሚዎች ሕመማቸው እኩል ሆኖ ሳለ የሚወጣላቸው ወጪ ስለሚያንስ ወደ ኋላ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አድልዎው ቢታረም ለተጨማሪ እርዳታ ከሚመረጡት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ያድግ ነበር። ትንሽ ያወጣ ሰው እንደ ጤነኛ ተቆጠረ። እዚህ ደግሞ ያልመጣ ሰው እንደ ጤነኛ እየተቆጠረ ነው።

የተለካውም ያሳስታል። ኩላሊቱ እየደከመ በሄደ ሰው ሰውነት ውስጥ የተወጋው ኢንሱሊን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የሚወጋው መጠን ሳይቀየር ስኳሩ ከ200 ወደ 110 ይወርዳል። ሶፍትዌሩ «ተሻሻለ» ይላል። ሰውየው ግን ሌሊት ከ70 በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመሰማ አደጋው ይብሳል። ያበጠውን እግርና የተዘጋውን የምግብ ፍላጎት የሚያየው ቤት የገባ ሰው ነው።

መሣሪያውን አንጠላም፤ መዝገብ ማገላበጥ ቢያቀልልን ደስታችን ነው። ግን በሦስት ወር ውስጥ ቤቱ ተሂዶ ያልተለካ ሁሉ «ያልታወቀ» ተብሎ በግራጫ ይለይ፤ ግራጫውም መካከለኛ ስጋት አለው ከሚባለው ከቢጫው በፊት ይጎብኝ። ከአረንጓዴዎቹ ከመቶ አሥሩ በየወሩ በዕጣ ወጥተው ቤታቸው ይረጋገጡ፦ አምስት ደቂቃ አረፍ ካሉ በኋላ ግፊት ሁለት ጊዜ ይለካ፣ ካልሲ ወልቆ እግር ይታይ፣ የተረፈው ክኒን ይቆጠር። ቤት የሄደችው ነርስ ቀለሙን መቀየር ትችል፣ ምክንያቷም ይመዝገብ።

ማረሚያ ስታወጡ፣ አረንጓዴ ከተባሉት ውስጥ የስንቱ ቤት ተሂዶ እንደተረጋገጠ የሥርዓቱን ባለቤቶች ጠይቃችሁ ቁጥሩን ጻፉልን።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ ዳርቻ