ዋልተር ቱል ኳስ ተጫዋችም ነበር

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣

ስለ ጥቁሩ እንግሊዛዊ ዋልተር ቱል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከልጄ ጋር ሆነን አነበብነው። ልጄ የቶተንሃም ደጋፊ ነው፤ ማሊያውን ለብሶ ነው የሚያድረው። ጨርሶ ቀና አለና «አባዬ፣ ቱል ወታደር ነው ወይስ ተጫዋች?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በብሪታንያ ጦር መኮንንነቱንና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በጦር ሜዳ መውደቁን በሰፊው ተርካችሁ፣ ኳሱን በሁለት መስመር አልፋችሁታል።

አባቱ ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርቤዶስ የመጣ አናጢ ነበር። ቱል እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ለንደን ውስጥ ማሳደጊያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1909 ደሞዝ ከማይከፍለው አማተር ክለብ ከክላፕተን ወደ ቶተንሃም ሲዛወር ለፊርማ 10 ፓውንድ፣ በሳምንት 4 ፓውንድ ተከፈለው፤ ያኔ ለተጫዋች ከዚያ በላይ መክፈል ክልክል ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2፣ ቅዳሜ ቀን፣ ቶተንሃም ብሪስቶል ሄዶ ተጫወተ። ከተመልካቹ ከፊሉ ቱልን በቆዳው ቀለም እየጠራ የስድብ መዓት አወረደበት። ጨዋታውን የዘገበው ጋዜጠኛ ድርጊቱን የፈሪ ጥቃት ብሎታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ቃሉ ነው፦ በችሎታ ከሆነ፣ በሜዳው ላይ ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ የሚበልጠው ቱል እንደነበር መስክሮለታል። ያ አጥቂ ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። በቶተንሃም የሊግ ታሪኩ በ10 ጨዋታና በ2 ጎል ተዘጋ።

ተሰዳቢው ከሜዳ ወጣ፣ ተሳዳቢው እዚያው ቀረ። ጀግንነቱን ብቻ ስናወድስ ይህ በደል ይሸፈናል ብዬ እሰጋለሁ።

ቱልን ከወደቀበት ያነሳው ኸርበርት ቻፕማን ነው፤ በኋላ አርሰናልን ታላቅ ያደረገው አሰልጣኝ። በ1911 ወደ ኖርዛምፕተን ክለብ ወሰደው፤ እዚያም ከ100 ጨዋታ በላይ ተሰለፈ። በአንድ ጨዋታ 4 ጎል አግብቷል፤ ተጋጣሚው ብሪስቶል ሮቨርስ ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ገና 26 ዓመቱ ነው። በታኅሣሥ ወደ ጦሩ ገባ፤ ከጦርነቱም በሕይወት አልተመለሰም።

ስሙን ዳግም ስታነሱ እባካችሁ ያቺን የብሪስቶል ቅዳሜ አትዝለሏት።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ