ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ «ኮሮና ይዞህ ሆስፒታል ተኝተህ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይኑር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ኮሮና የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች ወሬው ሳንባ ብቻ ነው። ልብ አንዴም አልተነሳም። ደሴ ውስጥ ፋርማሲ የምሠራ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በኮሮና ሆስፒታል ከተኙት ሰዎች ልባቸው የተጎዳው ጥቂት አይደሉም። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። መጋቢት 2012 ላይ፣ ማለትም በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘበት ወር፣ የቻይናዋ ዉሃን ከተማ ሐኪሞች ተኝተው ስለታከሙ 416 ሰዎች ጥናት አውጥተው ነበር። 82ቱ ልባቸው ተጎድቷል። ከእነሱ 42ቱ ሞተዋል። ልባቸው ካልተነካው 334 ሰዎች የሞቱት ግን 15 ናቸው።

ጉዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ይህ ፕሮቲን ወደ ደም ይወጣል። ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ነው። ሳንባ ሲደክም ኦክስጅን ያንሳል፣ ልብ ያለ አቅሙ ይሠራል። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚነሳው ብግነት (የሰውነት መቆጣትና ማበጥ) ራሱ ጡንቻውን ይጎዳል። ደምም ይረጋል። ድሮም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ላይ ይብሳል።

«ክትባቱ አይደል እንዴ ልባችንን የነካው?» የሚሉኝ አሉ። እንደ ፋይዘር ያሉት ክትባቶች በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ ብግነት ማስከተላቸው እውነት ነው። ግን የዉሃኖቹ ታማሚዎች የተኙት ክትባት የሚባል ነገር ገና ሳይኖር ነው። እኛ አገር መከተብ የተጀመረውም መጋቢት 2013 ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። ሰው ደረቱን ይዞ ይመጣና «ጨጓራዬ ነው፣ ኦሜፕራዞል ስጠኝ» ይላል። የደሴን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እግሩ ያብጣል። ጎረቤት ቡና ላይ «አብሽር፣ ብርድ ነው» ብሎታል። ሌላው ያለ ማዘዣ ላሲክስ፣ ማለትም ውሃ በሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ ይጠይቃል፤ ለጎረቤቱ ሠርቶለታላ! ኮሮና ይዞህ ተኝተህ ነበር ወይ ስለው «እሱማ ድሮ ድኛለሁ» ይለኛል። ሐኪም ጋ ሲሄድም አያነሳውም፣ የሚጠይቀውም የለም።

ሁሉም ከኮሮና ነው እያልኩ አይደለም። ግፊት አለ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ የልብ በር የሚያበላሸውም አለ። ማስፈራራትም አልፈልግም። ለንደን ውስጥ በኮሮና ስድስት ሆስፒታሎች ተኝተው የነበሩ፣ ትሮፖኒናቸው ከፍ ያለ 148 ሰዎች ከወጡ ሁለት ወር ገደማ በኋላ ልባቸው በኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በሚያነሳው መሣሪያ፣ ታይቶ ነበር። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የጉዳት ምልክት ተገኝቷል። የአብዛኞቹ ልብ ግን ደም የሚረጨው እንደ ጤነኛ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ ድረስ ይሂድ አይባልም። ግፊት መለካትና ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳይ ምርመራ) መነሳት ለብዙው ሰው በቂ መነሻ ነው። ምልክት ያለበት ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ ይጨመርለታል። ተጋድሞ መተኛት ሲያቅት፣ ራስን ሲያስት ወይም ደረት ጨምድዶ ሲይዝ ግን መሄድ ያለብን ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ እኔ አይደለም።

አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል። የልብ ጡንቻ ብግነት የያዘው ስፖርተኛ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከከባድ ልምምድ እንዲታቀብ ሲመከር ቆይቷል። ለሯጭ ተጽፎለታል። ሰኞ ገበያ ኩንታል ለሚሸከመው ሰውዬስ? እሱ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ጤፍ ተሸክሟል፤ የዕለት ጉርሱ ነው፣ ማንም ተው አላለውም።

የሆስፒታል የመውጫ ወረቀቱም ነገር አለ። እኔ ያየኋቸው ላይ «ተሽሎታል» ይላል እንጂ ልቡ ታይቶ እንደሆነ አይናገርም። በ2014 ጦርነት ወሎ ውስጥ ስንት ጤና ተቋም ተዘርፏል፣ ካርድም ጠፍቷል። ለአንዳንዱ ታማሚ ያ የታጠፈ ወረቀት ብቸኛው ማስረጃው ነው። እባካችሁ አትጣሉት፤ ለምርመራ ስትሄዱም ያዙት። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ የመጣን ሰው ከግፊቱና ከስኳሩ ጋር ኮሮና ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበርም ጠይቁት። ጥያቄው ገንዘብ አይፈልግም።

እናንተም አንድ የልብ ሐኪም አነጋግራችሁ ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው ጻፉ። አውጥቼ የፋርማሲዬ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከደሴ