የአራተኛ ፎቅ ውሃ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ አዳማ ኮንዶሚኒየሞች ሲነሳ ወሬው ዕጣና ዋጋ ነው፤ ውሃው ይረሳል። ውሃ አንድ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 0.1 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ቧንቧው ውስጥ ከሚባክነው ሌላ 1.2 ባር እዚያ ለመድረስ ብቻ ያልቃል። ለዚህ ነው ምድር ቤት ሲንፎለፎል ላይኛው ቧንቧ አየር ብቻ የሚተነፍሰው።

ሰው በየግሉ የሚያበጀው ዘዴ ደግሞ ይብሳል። አንዱ ፓምፑን በቀጥታ ዋናው መስመር ላይ ገጥሞ የጎረቤቱን ውሃ ይስባል፤ መስመሩ የተሰነጠቀ ከሆነ ቆሻሻም አብሮ ይገባል። ሌላው በረንዳው ላይ የ1,000 ሊትር ሮቶ ያቆማል፤ ሲሞላ አንድ ቶን መሆኑን ማን ነግሮት!

የሚያዋጣው መሬት ላይ የሚቀመጥ የጋራ ታንከርና አንድ ፓምፕ ነው። 20 አባወራ፣ በየቤቱ አምስት ሰው፣ ለሰው 50 ሊትር ቢታሰብ በቀን 5,000 ሊትር ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር የ10,000 ሊትር ታንከር ሁለት ቀን ያቆያል። የፓምፑን መብራት ማን ይክፈል ለሚለው ጭቅጭቅ የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ፤ የጋራ ወጪ የሁሉም ባለቤቶች ነው። አዲስ ብሎክ ሲነደፍም የታንከሩ ቦታ ከፕላኑ ላይ ይታይ፤ ነዋሪው ከገባ በኋላ ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆኖ ይገኛል።