ቀልደኛው ከስክሪን ሲጠፋ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ በመንግሥት ላይ ሊሳለቅ አይገባውም ሲሉ ያቀረቡትን ሐሳብ አልቀበለውም፤ ገንዘቡ የሕዝብ እንጂ የሹማምንት አይደለምና።

መንግሥት በሕዝብ ጣቢያ ላይ የሚያሳድረው ጫና እንዴት እንደሚሠራ ከጣሊያን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፊያ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ጋዜጠኞቹ ኤንዞ ቢያጂና ሚኬሌ ሳንቶሮ እንዲሁም ኮሜዲያኑ ዳኒዬሌ ሉታዚ በሁሉም ገንዘብ የሚተዳደረውን ቴሌቪዥን የወንጀል ያህል አላግባብ ተጠቅመውበታል አሉ፤ ያውም በመሐል «ያኛው ማን ነበር ስሙ?» እያሉ። አዲስ ሕግ አልወጣም፣ የሳንሱር ቢሮም አልተከፈተም። በቀጣዩ የስርጭት ዘመን ግን የሦስቱም ፕሮግራሞች ከጣሊያን የሕዝብ ጣቢያ ከራይ ጠፍተዋል። ቢያጂ ከጣሊያን ምርጫ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 2001፣ ኮሜዲያኑን ሮቤርቶ ቤኒኚን ጋብዘው በዕጩው በቤርሉስኮኒ ላይ አስቀልደው ነበር። ወደ ራይ የተመለሱት በ2007 በ86 ዓመታቸው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አረፉ።

የቦርድ አባላትን የሚሾመውና በጀቱን የሚወስነው ያው የሚቀለድበት ወገን ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ስልክ እስኪደወልለት አይጠብቅም፤ ቀልዱን ራሱ ይቆርጠውና «የፕሮግራም ለውጥ» ይለዋል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ቀልድ ጨዋነት ከሚያከራክረን ይልቅ፣ የሕዝብ ጣቢያ ኃላፊዎችን ማን እንደሚሾም፣ ማንስ እንደሚያነሳ በዝርዝር ቢያስነብበን እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ