«ይበቃኛል» ያለውን ነቢይ እያሰብን

የተከበራችሁ የጽዋ ማኅበራችን አባላት፤

ባለፈው ወር ጽዋ ላይ «እምነት ያለው ሰው እንዴት በድብርት ሊያዝ ይችላል?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሳይመለስ ስለ ቀረ ይህን ለመጻፍ ወደድሁ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት ካስወረደ በኋላ ኤልዛቤል በዛተችበት ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» በማለት ሞትን እንደ ለመነ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ተጽፏል። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ ዳሰሰው፣ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ ያበላው መንገዱ ሩቅ ስለ ነበረ ነው።

እኛ ግን (ራሴንም ጨምሬ ነው) ከእንጎቻው በፊት ምክሩን እናስቀድማለን። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ያስጠላው ሰው ሁኔታው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየበት ወደ ሐኪም መሄዱ ጸሎትን መተው አይደለም። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ፣ ሊሠራ ሲል የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ሞትን የሚመኝ ሰው ካጋጠማችሁ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት አድርሱት።

ከጽዋ የቀረችውን እኅታችንን በመጪው እሑድ የምትጠይቁ አባላት ድፎ ዳቦ ይዛችሁ እንድትሄዱና «ለምን ቀረሽ?» በሚል ጥያቄ እንዳትጀምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።