ጉንፋኑ ለምን ከቤትሽ አልወጣም?

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በይኝ። «አንዱ ሲሻለው ሌላው ይተኛል፤ ጉንፋኑ ከቤታችን አልወጣ አለ» ያልሽው ግን ከልቤ አልወጣም።

ያው ጉንፋን እየተመላለሰ ይመስልሻል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ጉንፋን ከሚያመጡት ቫይረሶች ዋነኛው፣ ራይኖቫይረስ የሚባለው፣ ብቻውን ከ160 በላይ ዓይነት አለው፤ አንዱን ታሞ የዳነ ልጅ በሌላው ይያዛል። ትንንሽ ልጆች በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ቢታመሙ የተለመደ ነው። ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ፣ የፊተኛው ሳይለቅ አዲሱ ይደርባል።

ትልቁ ልጅሽ ከትምህርት ቤት ይዞት ሲመጣ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ አንቺን፣ ቀጥሎ አባትየውን ይይዛል። አራት ሰው ተራ በተራ ከታመመ ሁለት ሦስት ሳምንት አለፈ። የታመመ ሰው ቫይረሱን በብዛት የሚያወጣው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ገና አፍንጫው ማንጠባጠብ ሲጀምር ይሁን፤ ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቂ።

ከሁሉ የሚጎዳን «ብርድ ይመታዋል» ብለን መስኮት መዝጋታችን ነው። ቫይረሱ በትንፋሽም ስለሚወጣ በታፈነ ክፍል አየር ላይ ይቆያል። ልጁን ደርበሽ አልብሺውና መስኮቱንና በሩን አንድ ላይ ለ15 ደቂቃ ክፈቺ፤ በቀን ደጋግመሽ። አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ጭምብል ያድርግ። አልጋው አንድ ከሆነ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ይተኛ። ፎጣና ብርጭቆ ለየብቻ፤ ጉርሻም ለጥቂት ቀን ይቅር፣ ቢከብድም። ንፍጥ ከጠረግሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና 20 ሰከንድ ታጠቢ።

ከባለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን እንዳትሰጪ፤ የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ቫይረስ አይገድልም። ለሳሉ ማር ጥሩ ነው፤ ለሕፃኗ ግን 1 ዓመት ሳይሞላት ፈጽሞ አታቅምሻት።

የምሰጋው ለእሷ ነው። ረጋ ስትል ወይም ስትተኛ ልብሷን ገልጠሽ ትንፋሿን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። በእሷ ዕድሜ (ከ2 እስከ 11 ወር) 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ስትተነፍስ ከጎድኗ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ጡት እምቢ ካለች፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይዘሻት ሂጂ።

ዛሬ ማታ ቆጥረሽ ቁጥሩን ላኪልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ