ቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል፣ ቤቱ ከፈቀደ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ቤት ሆኖ ገንዘብ ስለማግኘት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፣ ወጣቱን ለማበረታታት ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ነጭ ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ማኪያቶ ይዛ ስትስቅ ሳይ እኔም ሳቄ መጣ። እኔ አየር ጤና አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምሠራው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ፣ ለቪዲዮ ሰብታይትል፣ ማለት ከስር የሚነበበውን ጽሑፍ፣ እሠራለሁ። ሥራው እውነት አለ ወይ ለሚለኝ ሰው አዎ አለ፣ ብሩም ተቀጥሬ ከማገኘው ይሻላል፣ የታክሲ ሰልፍ የለ፣ ውጪ ምሳ የለ። እሱ ላይ ልክ ናችሁ። የዘለላችሁት ቤቱን ነው።

የዶላሩን ነገር ቶሎ ብዬ ልለፈው። ፋይቨር የሚባለው ከውጪ ደንበኛ ጋር የሚያገናኘን ድረ ገጽ ላይ ከሠራችሁት 20 ፐርሰንቱ የነሱ ነው። በኢንተርኔት ገንዘብ የሚላክበት ፔይፓል ደግሞ ኢትዮጵያ ሆኖ መላክ እንጂ መቀበል አያስችልም፣ ስለዚህ ሰዉ ወይ ፔዮኒር በሚባለው ሌላ የክፍያ መንገድ አድርጎ ወደ ባንክ ያስገባል ወይ ዳላስ ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ የአክስት ልጅ አካውንት ያስልካል፣ የአክስት ልጅ ደግሞ መቼም ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ ነገ እልክልሻለሁ ያለው ሳምንት ይሆናል፣ ውለታ ስለሆነ አይቆጡት ነገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 ሲያልፍ ሁሉም "አንቺማ ተገላገልሽ" ይለኝ ነበር፣ ዘይቱና ኪራዩ አብሮ መውጣቱን የሚያነሳልኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ቤቱ። ቤት ያለ ሰው ለዘመድ አዝማድ ሥራ የለውም በቃ። ለቅሶ ሲኖር ቀድሜ ሄጄ ሽንኩርት የምልጠው እኔ ነኝ፣ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው፣ ቧንቧ ሠሪ ሲቀጠር "እሷ አለች እኮ" ይባላል። እናቴ ትደውላለች፣ ሥራ ላይ ነኝ እማዬ ስላት "ውይ፣ ወጣሽ እንዴ?" ትለኛለች፣ አይ ቤት ነኝ ስል "እንግዲያስ አውሪኝ" ብላ ትቀጥላለች፣ እኔም በአንድ ጆሮ እሷን በአንድ ጆሮ ቪዲዮውን። ባል ያላትና ልጅ ያላት ጓደኛዬማ ሥራዋን የምትጀምረው ሁሉም ሲተኛ ነው። እንደዚህ ስላችሁ ቀላል ይመስላል፣ ግን የውጪ ደንበኛ ሰዓት ቆጥሮ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ለቅሶ ነበረብኝ ብትሉት አንዴ ያዝንላችኋል ሁለተኛ ግን ሌላ ሰው ይቀጥራል።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ አንዲት እትዬ አሉ። ጋዜጣ ላይ ቤት ሆኖ መሥራት ሲባል ሁሌ ላፕቶፕ ብቻ ለምን እንደሚነሳ አይገባኝም፣ እዚህ ከተማ ቤቷ ሆና የምትሠራው ሴት እንጀራ ጋጋሪዋ፣ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጀዋ፣ ፀጉር የምትሠራዋ፣ ልብስ ሰፊዋ አይደለችም እንዴ? እትዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳሉ፣ ለምን ቢባል መብራቱ ኃይል ያለው ያኔ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ሲመሻሽ ሁሉም ቤት ሲያበራ ምጣዱ በደንብ አይግልም፣ ያልጋለ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ዐይን አያወጣም፣ ዐይን የሌለውን ደግሞ ሆቴሉ አይቀበልም። አብሲት ተጥሎ ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ሄደ ማለት ሊጡ ይጠብቃል ማለት አይደለም፣ ይኮመጥጣል። ባለፈው ጾም አንድ ቀን ሌሊት ጠፍቶ እስከ ረፋድ አልመጣም፣ ሲመጣ እየተጣደፉ ጋግረው ልጃቸው ተሸክማ ወሰደች፣ ምግብ ቤቱ አንዱን ገልጦ ቀምሶ "ኮምጥጧል" ብሎ መለሰው። የጤፉ፣ የካርዱ፣ የሌሊቱ፣ ሁሉም የሳቸው ኪሳራ ነው፣ ተቀጥረው ቢሆን ኖሮ የባለቤቱ ኪሳራ ነበር።

በዛ ላይ ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራያችን ካርድ በሞሉ ቁጥር ግቢውን እየዞሩ ማን ምን እንደሰካ ያያሉ፣ ለእትዬ ምጣድ ለብቻ ክፍያ ጨምረውባቸዋል፣ እኔንም ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምውል መብራት የምጨርስ ይመስላቸዋል፣ ላፕቶፕ ያን ያህል አይበላም ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

የኢንተርኔቱን ታውቁታላችሁ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ ከሁለት ሳምንት በላይ ነው የቆየው፣ ከነሐሴ 2015 በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ከተሞች ሞባይል ዳታ ለወራት አልነበረም። አፕወርክ የሚባለው እንደ ፋይቨር ያለ ድረ ገጽ ላይ ለዓመታት የገነቡት ስኮር፣ ማለት የሥራ ነጥብ፣ በእንደዚህ አይነት ጊዜ ነው የሚወርደው፣ ደንበኛው ለምን እንደጠፋችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቴሌግራም ላይ "ቤትዎ ሆነው ላይክ በማድረግ ብቻ በቀን 2000 ብር" ስለሚሉትም ጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳን አልጻፈም። የአጎቴ ልጅ ገብታበት ነበር፣ መጀመሪያ ትንሽ ብር እውነትም በቴሌብር ላኩላት፣ ለዛ ነው ያመነችው፣ ከዛ ለቪአይፒ ደረጃ አስገቢ ተባለች፣ አስገባች፣ ያገኘሽውን ለማውጣት ደግሞ ሌላ አስገቢ፣ ከዛ ግሩፑ ጠፋ። ሥራ ሊሰጣችሁ የሚፈልግ ሰው ከናንተ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ይሄን በትልቁ ብታወጡት ከፎቶው ይሻል ነበር።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቤቱ ሆኖ ለአሠሪ ስለሚሠራ ሰው ውል ያነሳል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔና እትዬ ግን አሠሪ የለንም። ፈቃድ አውጥቼ ግብሬን ልክፈል ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ የንግድ ቤት ኪራይ ውል አምጪ አሉኝ፣ ሱቅ የለኝም፣ ሥራዬ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ስላቸው ተያዩና "ታዲያ ምኑን እንመዝግብ?" አሉ።

እና የምጠይቃችሁ ይሄን ነው፣ በሚቀጥለው ስትጽፉ ቤት ሆነው ከሚሠሩት ይልቅ ኃላፊዎቹን አነጋግሩልን። መብራት የሚቋረጥበት ሰዓት ቀድሞ በቴክስት መነገር ለምን አይቻልም፣ እትዬ ሊጡን በዛ ልክ ያቦኩ ነበር። ለተከራይ የራሱ ቆጣሪ የሚገባለት እንዴት ነው፣ መኖሪያ ቤትን በሥራ አድራሻነት የሚመዘግበውስ የትኛው መስኮት ነው? መልስ ካገኛችሁ አውጡልን።

ስሜን ግን አታውጡት፣ አከራያችን ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ይገዛሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከአየር ጤና